ስም የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፦ ኮሌጅ ስንመርጥ ሦስቱን መመዘኛዎች እንዴት እንያዛቸው?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ታናሽ እህቴ ሦስት የተቀባይነት ደብዳቤዎች አትማ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ሦስቱም አሜሪካ ካሉ ኮሌጆች የመጡ ናቸው። የአንደኛውን ስም ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አባታችን ደብዳቤው ተነቦ ሳያልቅ ለጎረቤት አብሥሮ ነበር። ሁለተኛውን በትምህርቱ ዓለም ያለ ሰው ያውቀዋል። ሦስተኛውን ግን እኔ ራሴ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ነው ያወቅኩት። የመልስ መስጫው የመጨረሻ ቀን ሜይ 1፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ነበር።

«አንተ ኢንጂነር አይደለህ? በቃ አስላልኝ» አለችኝ።

እኔም አሰላሁላት። መመዘኛዎቹን ጻፍኩ፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጠሁ፣ ነጥብ ሞላሁ፣ ደመርኩ። ሠንጠረዡ ምንም ሳያቅማማ መልስ ሰጠኝ፤ መልሱ ግን የተሳሳተ ነበር። ስህተቱ የድምር አልነበረም። ባሕርያቸው የተለያየ ሦስት ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስህተትና ስለ ማረሚያው ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ኮሌጆች ናቸው፤ ምክንያቱም ለአንድ ዓይነት ትምህርት ሁለት ተማሪዎች ፈጽሞ የተለያየ ዋጋ የሚከፍሉት እዚያ ነው። አገር ውስጥ ለምትመርጡ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል አለኝ።

ሠንጠረዡ የት ጋ ተሳሳተ?

ኮሌጆቹን ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ ትምህርቱ ለተማሪዋ መስማማቱ፣ የኮሌጁ ስም እና የገንዘብ ድጋፉ። ከ10 የሰጠኋቸው ነጥቦች እነዚህ ነበሩ።

ሀ (ታዋቂው)፦ መስማማት 8፣ ስም 10፣ ድጋፍ 3።
ለ (የተማረ ሰው የሚያውቀው)፦ መስማማት 6፣ ስም 8፣ ድጋፍ 8።
ሐ (ማንም የማያውቀው)፦ መስማማት 9፣ ስም 5፣ ድጋፍ 8።

ክብደቱን ደግሞ ለመስማማት 30 ከመቶ፣ ለስም 50 ከመቶ፣ ለድጋፍ 20 ከመቶ አደረግን። (ስምን 50 ያስደረገው አባታችን ነው።) ውጤቱ፦ ሀ 8.0፣ ለ 7.4፣ ሐ 6.8። አሸናፊው ሀ ሆነ፤ አባታችንም ፈገግ አለ።

ግን እስቲ አንድ ነገር እንይ። የሀ ደብዳቤ እንደሚለው ከድጋፉ በኋላ ቤተሰባችን በየዓመቱ 30,000 ዶላር ያህል መክፈል ነበረበት። ያ ገንዘብ የለም። ሊኖርም አይችልም። ታዲያ ሠንጠረዡ እንዴት ሀን ሊመርጥ ቻለ? ድምር ስለሆነ ነው። በድምር ውስጥ አንዱ መመዘኛ ሲጎድል ሌላው ይሞላለታል፤ የስም 10 የድጋፍን 3 ሸፈነለት። በእውነተኛው ዓለም ግን የሴሚስተሩ ክፍያ ሲደርስ የኮሌጁን ስም ለራሱ ለኮሌጁ መክፈል አይቻልም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የክፍያ ቀንን ግን አያሻግርም።

ገንዘብ ነጥብ አይደለም፣ በር ነው

ድልድይ የሚነድፍ ሰው የድልድዩን ውበትና የመሸከም አቅም ደምሮ አማካይ አያወጣም። መጀመሪያ «የሚያልፍበትን ጭነት ይሸከማል ወይ?» ይላል። ካልተሸከመ ንድፉ ይጣላል፤ ውበቱ አይጠየቅም። ከተሸከመ በኋላ ነው ስለ ውበት፣ ስለ ዋጋና ስለ ግንባታ ጊዜ የሚነጻጸረው። አንዳንዱ መመዘኛ በር ነው፤ የሚታለፍ ወይም የማይታለፍ። ሌላው ሚዛን ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ ገንዘብ በር መሆኑን ሕጉም ራሱ ይነግረናል። ለኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለውን ቅጽ ኮሌጁ የሚሰጠው ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን በሰነድ ካያችሁ በኋላ ነው። «ከሄድኩ በኋላ እንደ ምንም ሠርቼ እሞላዋለሁ» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ትምህርት ላይ እያላችሁ በግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው።

በሩን ለመፈተሽ ሦስት ስሌቶች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ የተጣራውን ዋጋ አውጡ። በብዙ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ሲደመር በዓመት ከ80,000 ዶላር ያልፋል። ይህ ግን የመደርደሪያ ዋጋ ነው፤ ብዙዎች ይህን አይከፍሉም። የእናንተ ዋጋ ከዚያ ላይ *የማይመለሰው* ድጋፍ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ደብዳቤው ላይ «አጠቃላይ ድጋፍ» በሚል አንድ ድምር ሥር ሦስት ነገሮች ተቀላቅለው ልታገኙ ትችላላችሁ፦ ስጦታ፣ ብድር እና የሥራ ዕድል። ስጦታ ድጋፍ ነው። ብድር የራሳችሁ የነገ ገንዘብ ነው። የሥራ ዕድል ደግሞ ገና ያልሠራችሁበት ደሞዝ ነው፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አይከፍልም። ከእህቴ ደብዳቤዎች አንዱ ላይ ይህን ስንለያይ «ድጋፉ» በሩብ ቀነሰ።

በዚያው ላይ የማይጻፉ ወጪዎችን ጨምሩ፦ የጤና መድን፣ መጻሕፍት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያው የሚዘጋበት ክረምት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ግብር አለ። ስኮላርሺፕ ለትምህርት ክፍያ ሲውል ግብር አይጠየቅበትም፤ ማደሪያና ምግብ የሚሸፍነው ክፍል ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ከውጭ አገር ተማሪም ከመነሻው 14 ከመቶ ሊያዝ ይችላል። 18,000 ዶላር የማደሪያና የምግብ ድጋፍ ካላችሁ 2,520 ዶላር ማለት ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የተባለ ልጅ መስከረም ላይ ዕዳ የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ በአራት አባዙ ሳይሆን አራት ዓመት ቁጠሩ። ወጪው በዓመት 60,000 ዶላር፣ ስኮላርሺፑ 40,000 ዶላር ነው እንበል። ጉድለቱ 20,000 ነው፤ በአራት ዓመት 80,000፣ አይደል? አይደለም። ስኮላርሺፑ ባለበት የሚቆይ ከሆነና ወጪው በየዓመቱ 4 ከመቶ ከጨመረ ጉድለቱ 20,000፣ 22,400፣ 24,896፣ 27,492 እያለ ይሄዳል። ድምሩ 94,788 ነው። ወጪው የጨመረው በ4 ከመቶ ሆኖ ሳለ በአራተኛው ዓመት የእናንተ ጉድለት ከመጀመሪያው 37 ከመቶ በልጧል፤ ጭማሪው በሙሉ የሚያርፈው እናንተ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ድጋፉ ከክፍያው ጋር አብሮ ያድጋል ወይ? ለመቀጠል ስንት አማካይ ውጤት ያስፈልጋል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ብሩን አትርሱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። የምንዛሬ ሥርዓቱ በተቀየረ ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 10,000 ዶላር የሚከፍል ቤተሰብ 570,000 ብር ይበቃኛል ብሎ ሳለ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ተጠየቀ፤ ኮሌጁ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ገቢው በብር የሆነ ቤተሰብ ዛሬ በጭንቅ የሚደርስበት ጉድለት የታለፈ በር ሊባል አይችልም። የመሸከም አቅም ላይ ሁሌም ትርፍ ይተዋል።

ብድርስ? ለውጭ አገር ተማሪ የግል አበዳሪዎች በአብዛኛው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ዋስ ይፈልጋሉ። ሜሪላንድ ያለች አክስታችን «እኔ እፈርማለሁ» አለች። አንጀታችንን በላችው። ግን ዋስ ማለት ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው መክፈል ካቃተው ዕዳው በሙሉ የእሷ ነው። በተለይ ሌላ የተከፈተ በር እያለ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይሄ ነው። አመሰገንናት፤ አላስፈረምናትም።

በዚህ ሁሉ ሀ ከበሩ መለስ አለ። ለ እና ሐ አለፉ።

በሩ የሚከፈትባቸው ቦታዎች

ገና ለምታመለክቱ ይህ ክፍል ከሁሉም ይጠቅማችኋል፤ በሩን ከደብዳቤው በኋላ ሳይሆን ከማመልከቻው በፊት መፈተሽ ይቻላልና።

አንዳንድ ኮሌጆች ተቀባይነትን ሲወስኑ የተማሪውን የመክፈል አቅም አያዩም፤ ሌሎች ያያሉ። ለውጭ አገር ተማሪም ጭምር አቅምን ሳያዩ ተቀብለው የተረጋገጠውን ጉድለት በሙሉ ከሚሸፍኑት መካከል ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት ይገኛሉ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ በጣም ውድ የሚመስሉት ለገባባቸው ሰው በጣም ርካሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። በሌላው ጫፍ ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ አለ። ማንኛውንም ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ሁሉም ተማሪ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ስሙን አዲስ አበባ ውስጥ ብትጠሩት ብዙ ሰው «የት ነው?» ይላችኋል።

ስለ ሌሎቹ ለማወቅ «ኮመን ዳታ ሴት» የተባለውን ሰነድ ፈልጉ። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል። ስለ ገንዘብ ድጋፍ የሚናገረው ክፍል ኤች ውስጥ ስንት የውጭ አገር ተማሪዎች ድጋፍ እንዳገኙና አማካዩ ስንት እንደሆነ ይገኛል። ተረጂዎቹ አምስት ብቻ ከሆኑ መልሱን አገኛችሁ፤ የማመልከቻ ገንዘባችሁን ለሌላ አውሉት።

አሜሪካ የምትኖሩና ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት ያላችሁ ደግሞ ስሌታችሁ ሌላ ነው። የፌዴራል መንግሥቱን ፋፍሳ ቅጽ መሙላት ትችላላችሁ፤ በምትኖሩበት ክፍለ ግዛት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲም የነዋሪውን ዋጋ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ በሁለት ዓመት ወደ ክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም ብዙ የእኛ ልጆች የተጓዙበት መንገድ ነው።

ስም ምን ያህል ይመዝናል?

በሩን ካለፍን በኋላ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ስም ዋጋ የለውም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን መጀመሪያ የሚለካበትን መሣሪያ እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማይክል ታዴየስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ለዩኤስ ኒውስ የደረጃ ሰንጠረዥ የላካቸውን አንዳንድ ቁጥሮች መርምረው ትክክል እንዳልሆኑ አሳዩ። በዚያው ዓመት መስከረም ኮሎምቢያ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በእነዚያ ወራት ውስጥ አንድም ላብራቶሪ አልፈረሰም፤ መምህራኑም የቀድሞዎቹ ነበሩ። የተቀየረው ቁጥሩ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ደረጃ የሚዘል መለኪያ በሁለት ኮሌጆች መካከል ያለውን የ5 ደረጃ ልዩነት ሊነግረን አይችልም።

ታዲያ ስም ለሕይወት ምን ይጨምራል? እዚህ ላይ አስቸጋሪው ነገር ዝነኛ ኮሌጅ የገቡት ልጆች መጀመሪያውኑ ጠንካራ መሆናቸው ነው። በኋላ ደሞዛቸው ቢበልጥ የኮሌጁ ነው ወይስ የራሳቸው? ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ብልሃት አገኙ፦ ተመሳሳይ ኮሌጆች ያመለከቱና ተቀባይነት ያገኙ፣ ነገር ግን የተለያየ ቦታ የገቡ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። በአማካይ የገቢ ልዩነት ጠፋ ሊባል ይችላል። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ግን መራጩ ኮሌጅ ጠቅሟል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግ እና ጆን ፍሪድማን 12 እጅግ ዝነኛ ኮሌጆችን ከክፍለ ግዛቶች ዋና የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አነጻጸሩ። እነሱም በአማካይ ገቢ ላይ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኙም። ጫፉ ላይ ግን አገኙ፦ ከከፍተኛው 1 ከመቶ ገቢ የመድረስ ዕድል በግማሽ ያህል ጨመረ፣ ስመ ጥር ድኅረ ምረቃ የመግባት ዕድል ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው ስም ለሁሉም እኩል የሚሠራ ነገር አይደለም። ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ለሌለው ልጅ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያሉ ጥቂት በሮችን ለሚያንኳኳ ይሠራል። ለአብዛኛው ሰው ግን በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል ያለው የስም ልዩነት አባታችን ያሰበውን ያህል አይደለም።

መስማማት የሚለካው በዝርዝር ነው

እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ በስም ነበር የመረጥኩት። የምፈልገው የትምህርት ዘርፍ ላብራቶሪ የሌላ ቦታ እንጂ የእኛ ግቢ እንዳልሆነ ያወቅኩት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ኮሌጅ ነው» አይበቃም፤ እነዚህን ጠይቁ።

የምትፈልጉት ትምህርት ኮርሶች በየዓመቱ ይሰጣሉ ወይስ መጽሔቱ ላይ ብቻ አሉ? ኮሌጁ መግባት ዲፓርትመንቱም መግባት ነው ወይ? በበርካታ ትልልቅ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ራሱን የቻለ ውድድር አላቸው፤ ገብቶ መቀየር ከባድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምርምር ውስጥ ይሳተፋል ወይ? ኢንጂነሪንግ ከሆነ ፕሮግራሙ ኤቤት በተባለው ተቋም ዕውቅና አለው ወይ? ከገቡት ውስጥ ስንቱ ይመረቃል? የመጨረሻውን የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት በሚያወጣው «ኮሌጅ ስኮርካርድ» ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። እዚያ ያሉት የተጣራ ዋጋና የገቢ ቁጥሮች ግን የፌዴራል ድጋፍ ስለሚያገኙ ተማሪዎች ስለሆኑ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው በቀጥታ አይሠሩም።

መልሱ የሚገለበጥበት ነጥብ

አሁን ለ እና ሐ ቀርተዋል። ለ፦ መስማማት 6፣ ስም 8። ሐ፦ መስማማት 9፣ ስም 5። ክብደቱ ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈልገው መልስ እስኪመጣለት ክብደቱን ይነካካል። እኔ የምመክራችሁ ግልባጩን ነው፦ መልሱ *የሚቀየረው* ስንት ላይ እንደሆነ ፈልጉ።

ለመስማማት 60 ከመቶ ብንሰጥ ሐ 7.4፣ ለ 6.8። 40 ከመቶ ብንሰጥ ሐ 6.6፣ ለ 7.2። ልክ 50 ላይ ሁለቱም 7.0 ናቸው። እንግዲህ መልሱ የሚገለበጠው ግማሽ ላይ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ሠንጠረዥ፣ ያ ሁሉ ክርክር ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፦ «ለአንቺ ትምህርቱ መስማማቱ ከስሙ ይበልጣል ወይ?»

ስሌት የሚችለው እስከዚህ ነው። ጥያቄውን ያጠብባል፤ መልሱን ግን ከውጭ አያመጣም። እኔ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ሐ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር። ሐ ውስጥ እህቴ የምትወደው ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጠንካራ ነው፤ ለ ውስጥ ዲፓርትመንቱ ራሱ የለም።

እሷ ግን ቁጥሮቹን ትንሽ አየቻቸውና «ይቺን 9 የሰጠኸው ምን እንደምትፈልግ ለምታውቅ ልጅ ነው። እኔ ገና አላውቅም» አለችኝ። ለ ተማሪዎቹ እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሜጀር እንዲመርጡ አያስገድድም። ለእሷ መስማማት ማለት ለመቀየር ቦታ ማግኘት ነበር። ልክ ነበረች፤ ነጥቡን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የሚኖርበት እሷ ናት።

አገር ውስጥ ለምትመርጡም መንገዱ ያው ነው፤ በሩና ሚዛኑ ግን ቦታ ይቀያየራሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወጪ መጋራት ስላለ ገንዘቡ ምርጫውን ያን ያህል አይለያየውም። በሩ ሌላ ነው፦ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ግቢው ውስጥ አለ ወይ? ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ምደባው በውጤት ሲሆን ስንት ሰው ይሻማበታል? ለትምህርት ሚኒስቴር ምርጫችሁን ስትሞሉ የመጀመሪያውን መስመር ለጎረቤት አስተያየት አትስጡት። እኔ ሰጥቼው አይቻለሁ።

እህቴ ሚያዝያ 22 ማታ ለ የተባለውን ተቀበለች። አባታችን እስካሁን ጎረቤት ሲጠይቀው የኮሌጁን ስም ሁለቴ መድገም አለበት። የዚህ ሴሚስተር ክፍያ ግን በሰዓቱ ተከፍሏል።